በፖቶማክ ወዲህና ወዲያ፦ ሁለት እህቶቼና አንድ የቴሉጉ ፊልም

ከአሜሪካ ከተመለስኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። የደሴ ወዳጆቼ፣ በተለይ የጡረታ ጓዶቼ፣ አራዳ ላይ እያስቆማችሁ «እሺ፣ ምን አየህ?» ስትሉኝ ለእያንዳንዳችሁ ከመጀመሪያው መተረክ ስለደከመኝ በጽሑፍ ማኖሩን መረጥኩ። ሐውልትና ቤተ መንግሥት ፈልጎ የሚያነብ ካለ ከወዲሁ ይቅርታ ይደረግልኝ፤ አላየሁም። ያየሁት እህቶቼን ነው።

ትርንጎ የምትኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ታናሿ በላይነሽ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ናት። በመካከላቸው ፖቶማክ የሚባል ወንዝ አለ። መንገዱ ካልተዘጋጋ በመኪና አርባ ደቂቃ ነው፤ ከደሴ ኮምቦልቻ ወርዶ ሻይ እንደ መጠጣት። ነገር ግን አምስት ዓመት ሙሉ አንዷ የሌላዋን ደጅ አልረገጠችም። የጠራችኝ የትርንጎ ልጅ ናርዶስ ናት። ስሪካንት ከሚባል ህንዳዊ ልጅ ጋር ልትጋባ ነው፤ ቋንቋቸው ቴሉጉ ይባላል። አባቷ ስለሌለ ለሁለቱ ወገን ትውውቅ የቤተሰብ ትልቅ አስፈለገ። በስልክ «ጋሼ፣ ፕሊስ፣ አክስቴን ለሰርጌ አምጣልኝ» አለችኝ። እዚያ ያደጉ ልጆች ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ነው የሚሉት፤ እኔም አልከፋኝም። እሺ አልኳት። እሺ ያልኩት ከደግነት ብቻ አልነበረም፤ ሌላውን ምክንያት በቦታው እናገራለሁ።

ለማያውቁኝ አንድ ነገር ልጨምር። የጂኦግራፊ መምህር ነበርኩ። ከዚያ ሌላ በጎልማሳነቴ ቅዳሜና እሁድ ፒያሳ አካባቢ በነበረ ቪዲዮ ቤት የህንድ ፊልም እተረጉም ነበር። ህንድኛ አልችልም። ማይክሮፎን ይዤ ከቴሌቪዥኑ ጎን እቆማለሁ፤ ሰውየው ከተቆጣ ምክንያት እፈልግለታለሁ፣ ሴትየዋ ካለቀሰች የሞተባትን ሰው እመርጥላታለሁ። አንድ ፊልም ሁለት ጊዜ ያየ ሰው ሁለት የተለያየ ታሪክ ይዞ ይወጣ ነበር። ቅሬታ ያቀረበ የለም።

ሰኞና ማክሰኞ

ሁለቱም እህቶቼ ዝርዝር ልከውልኝ ነበር። ትርንጎ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ኮረሪማ፣ ቋንጣ። በላይነሽ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ኮረሪማ፣ ቋንጣ። በርበሬው የተፈጨው አንድ ወፍጮ ቤት፣ ከአንድ ጆንያ ነው። ቢሆንም ለሁለት ሻንጣ ስከፍለው የአንዷ ከሌላዋ እንዳይበልጥ ሚዛን ላይ ግማሽ ቀን ቆየሁ። ሰኞ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ገባሁ፣ ማክሰኞ ማታ ተሳፈርኩ። በአውሮፕላኑ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች የጎንደር እናት እስከ መድረሻችን ድረስ ሻንጣዋ ውስጥ ስላለው ነገር ነገረችኝ፤ የእሷን ስሰማ የእኔ ቀለለኝ።

ረቡዕ

ኤርፖርት ላይ አንዲት ትንሽ ውሻ የደንብ ልብስ ለብሳ መጣችና ከሻንጣዬ አጠገብ ቁጭ አለች። በእኛ አገር ውሻ አጠገብህ ሲቀመጥ ወዶህ ነው። እዚያ ግን ከሶሃል ማለት ነው። ሹሙ በትሕትና ቋንጣውን አወጣ፣ አሸተተ፣ ሥጋ ወደ አገራቸው እንደማይገባ ነገረኝና ወሰደው። ከሁለቱም ሻንጣ ስለወሰደ ቢያንስ አድልዎ አልተፈጸመም።

ትርንጎና ናርዶስ ተቀበሉኝ። ትርንጎ የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ትሠራለች፤ ስልሳ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ከእኔ በአምስት ታንሳለች፣ ከእኔ ግን በአሥር ትፈጥናለች። ቤቷ ዘጠነኛ ፎቅ ነው። ያን ቀን ስለ ሲልቨር ስፕሪንግ የተረዳሁት ነገር ቢኖር እንግሊዝኛዬን በከንቱ እንዳጠናሁ ነው። የሕንፃው ዘበኛ የወልድያ ሰው፣ ዳቦ ሻጩ የአዲስ አበባ፣ ጸጉሬን ያስተካከለኝ የባሕር ዳር። ቀኑን ሙሉ እንግሊዝኛ ያናገረኝ የእግረኛ መብራት ብቻ ነው፤ ልሻገር ስል እንደ ትምህርት ቤት ዩኒት መሪ በቁጣ ድምፅ «ቆይ፣ ቆይ» ይለኛል።

ሐሙስ

ትርንጎ ሥራ በሄደችበት ውለታዋን ልመልስ ብዬ ጥብስ ልሠራ ተነሣሁ። ቅቤው እንደ ጋለ ከኮርኒሱ አንድ ነገር ይጮህ ጀመር። ደሴ ቢሆን መስኮት ከፍተህ ጎረቤት ትጠራለህ። እዚያ የጮኸው ከእኔ ቤት አልፎ ሕንፃውን ሁሉ ነው። የአሥራ አራት ፎቅ ሰው በደረጃ ወርዶ መኪና ማቆሚያው ላይ ተሰለፈ፤ የእሳት አደጋ መኪና እየጮኸ መጣ። እኔም ጋቢዬን ደርቤ ከሕዝቡ ጋር ቆሜ «ማን ይሆን ይህን ያደረገ?» በሚል ዓይን ግራ ቀኝ አየሁ።

አንዲት የማላውቃት የሀገሬ ሴት ጠጋ ብላ «አባባ፣ እርስዎ ኖት አይደል? ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታሉ» አለችኝ። ከዚያ ራሷ ሄዳ የእሳት አደጋ ሰዎቹን በእንግሊዝኛ አነጋገረች። ምን እንዳለቻቸው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ግን ማንም አልጠየቀኝም፣ ትርንጎም አልሰማችም። አሁን ይህን ስታነብ ትሰማለች።

በእነዚያ ቀናት ትርንጎ የእህቷን ስም አልጠራችም። «የማዶዋ» ነው የምትላት። የማዶዋ መኪና ለወጠች ይባላል፤ የማዶዋ ሆስፒታል ውስጥ ኃላፊ ሆነች ይባላል። ሁሉን ታውቃለች። ለናርዶስ ሰርግ እንድትጠራት ስጠይቃት ግን ያው የማዶዋ የመጨረሻ ቃሏን ተናግራለች ብላ ሳህን ማጠብ ቀጠለች።

ሰኞ

ወደ በላይነሽ የምሻገርበት ቀን ሆነ። ትርንጎ ወደ ቨርጂኒያ አልነዳም አለች፣ በላይነሽ ወደ ሜሪላንድ አልመጣም አለች። ስለዚህ ከነሻንጣዬ ባቡር ላይ ተጫንኩ። መመሪያው ቀላል ነው፤ ቀዩን መስመር ይዘህ መሐል ከተማ ትወርዳለህ፣ ከዚያ ቢጫውን ትይዛለህ። ሠላሳ ዓመት ካርታ ያስተማረ ሰው በዚህ አይፈራም ብዬ ናርዶስ ልከተልህ ስትል ከለከልኳት።

ለካ ቢጫውና አረንጓዴው የሚመጡት በአንድ ሐዲድ ነው። እኔ የመጣውን ያዝኩ። ወንዙን በድልድይ ላይ ስትሻገር ታየዋለህ ብለውኝ ነበር፤ ባቡሩ ግን ከመሬት በታች ጨለማ ለጨለማ ይሄዳል። ወንዙ ሲጠፋብኝ የሆስፒታል ልብስ የለበሰች ጥቁር አሜሪካዊት ጎኔ ነበረችና የወረቀቱን አድራሻ አሳየኋት። ሳቋን ዋጥ አድርጋ በሚቀጥለው ጣቢያ ሻንጣዬን ይዛ አብራኝ ወረደች፤ ወደ ማዶ አሻገረችኝ፤ ባቡሩ እስኪመጣ ቆመች፤ አሳፈረችኝና ከውስጥ ለተቀመጠ ወጣት «እኚህን ሰው ንጉሥ ጎዳና ጣቢያ እንድታወርዳቸው» ብላ አደራ ሰጠችው። ሥራ እንደምትዘገይ እያየሁ ስሟን እንኳ ሳልጠይቃት በሩ ተዘጋ።

በላይነሽ ጣቢያው ደጃፍ ቆማ ነበር። ስልኬ ላይ አሥራ አንድ ጊዜ ደውላለች። አቅፋ ሳመችኝና የመጀመሪያ ቃሏ «ሜሪላንድ ናት እንዲህ አድርጋ የላከችህ?» የሚል ነበር። ወዲያው ትርንጎ ደወለችና የማዶዋ ጣቢያ ድረስ መምጣት አቅቷት ነው ወይ የጠፋኸው አለችኝ። የጠፋሁት በራሴ ችሎታ መሆኑን ማንኛቸውም ሊቀበሉኝ አልፈለጉም።

የበላይነሽ ቤት ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ ባለ ሁለት ፎቅ ነው፤ ቀይ ጡብ። በማግሥቱ አሮጌውን ከተማ አስጎበኘችኝ። መንገዱ በጡብና በድንጋይ የተነጠፈ ነው፤ ፈረንጆቹ ቆመው ፎቶ ይነሱበታል። እኔ ጉልበቴ ከደሴ ኮብልስቶን የሚለይበትን ነገር አላገኘም። ምሳ በላን፣ ወንዙ ዳር ተቀመጥን። ማዶውን እያየች «ያ ሜሪላንድ ነው» አለችኝና ፊቷን አዞረች።

ረቡዕ

ሴቨን ኮርነርስ ወደሚባል የገበያ ቦታ ወሰደችኝ፤ መንገዶቹ ከየአቅጣጫው መጥተው የሚጋጩበት፣ የቬትናሙም የሳልቫዶሩም የእኛም ሱቅ ተደባልቆ ያለበት ነው። ከምስር መደርደሪያው አጠገብ ስንደርስ ቆመች።

«እዚህች ጋ ቆሜ ነው የሰማሁት» አለችኝ።

የቀረውን እኔው ላስረዳ። እናታችን ደሴ ያረፈችው ማክሰኞ ነበር። በላይነሽ ያን አርብ የነርስነት ላይሰንስ ፈተና ነበረባት፤ ሁለት ጊዜ ወድቃ ሦስተኛዋ ነው። ማንም አልነገራትም። አርብ ተፈትና ወጣች፣ ደስ ስላላት ለትርንጎ ምሳ ልሥራላት ብላ ምስር ልትገዛ ገባች። አንዲት በመልክ ብቻ የምታውቃት ሴት እጇን ያዘችና «እግዚአብሔር ያጥናሽ» አለቻት። በዚያች ሰዓት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የትርንጎ ቤት፣ ለቅሶው ሦስተኛ ቀኑ ነበር፤ ሰው ሞልቶ ወንበር ተውሰዋል።

በላይነሽ ምስሩን እያየች «ሜሪላንድ ሙሉ ለእናቴ ሲያለቅስ እኔ ሀ፣ ለ፣ ሐ እያልኩ መልስ እመርጥ ነበር» አለችኝ። መርዶ በአካል የሚነገር ነውና ጥፋቱን ሁሉ በቅርቧ ባለችው እህቷ ላይ ጣለች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለትርንጎ ስልክ አንሥታ አታውቅም።

ወደ አሜሪካ የሄድኩበት ሌላው ምክንያት ይኸው ነው። ለትርንጎ የደወልኩት እኔ ነኝ። እስክትፈተን ድረስ ለበላይነሽ እንዳትነግሪ ብዬ ያዘዝኳት እኔ ነኝ። ትርንጎ አይሆንም ስትል በእናታችን ስም አማልኳት። ከዚያ ወሬው ከእጃችን አመለጠ። ትርንጎ በወንድሜ ትእዛዝ ነው ብላ አንድ ቀን አልተናገረችም፤ እኔም አንድ ቀን አልተናገርኩም። በየዓመቱ ለመናገር አስቤ በየዓመቱ ለሚቀጥለው ዓመት አሳደርኩት። ያን ቀንም ከምስሩ አጠገብ ቆሜ አፌን ከፈትኩና «ምስሩ ከእኛ አገር ይቀላል» አልኩ።

እሁድ

የስሪካንት እናት ሳሮጃ ጌይተርስበርግ ነው የምትኖረው። ባሏ የሞተባት፣ ቀጭን፣ ቆፍጣና ሴት ናት። የሙሽራዋን ወገን ለምሳ ጠራች፤ ለትርንጎም ለበላይነሽም በየግላቸው ደውላ። የሁለቱን ጠብ የነገራት የለም። እኔ ሁለቱም እንደተጠሩ አውቅ ነበር፤ ዝም አልኩ። ዝምታ ላይ ልምድ እንዳለኝ አይታችኋል።

መኪና ማቆሚያው ላይ በአንድ ደቂቃ ልዩነት ደረሱ፤ እኔ ከበላይነሽ ጋር ነበርኩ። ትርንጎ አይታኝ አውቀህ ነው ወይ አለች። እኔ እንግዳ ነኝ፣ የጠራችን የቤቱ እመቤት ናት አልኩ። ሳሮጃ በሩን ከፍታ መዳፎቿን አገናኝታ ትጠብቃለች። በአማች ፊት አይጣሉ ነገር፣ ይሉኝታ ያዛቸው። ጉንጭ ለጉንጭ ተሳሳሙ፤ በመካከላቸው ጋዜጣ የሚያሳልፍ ክፍተት ነበረው።

እዚያ ቤት ጫማ ይወለቃል። የእኔ ካልሲ አውራ ጣቱ ላይ ቀዳዳ ስለነበረው ግራ እግሬን በቀኝ እግሬ ላይ ጭኜ ዋልኩ። ምግቡ ግን አኮራን። በእጅ ነው የሚበላው። ታጥበን ተቀመጥን፤ ተምር ሂንዲ በሚባል ጎምዛዛ ፍሬ የተሠራ ሩዝ፣ ምስር፣ ጥሬ ማንጎ በበርበሬና በዘይት የተዘፈዘፈ። ሳሮጃ በርበሬው እንዳያቃጥላችሁ ስትል ሁለቱም እህቶቼ ተቆጡ። የወሎ ሰው በርበሬ አይፈራም ብለው ማንጎውን ጎረሱ። ዓይናቸው እንባ ሞላ፣ አፍንጫቸው ቀላ፤ ግን ሁለቱም ምንም አያቃጥልም ብለው ደገሙ። በአምስት ዓመት ውስጥ የተስማሙበት የመጀመሪያው ነገር ያ ይመስለኛል።

ከምሳ በኋላ ሳሮጃ ከአገሯ ስትወጣ ይዛው የመጣችውን ፊልም አወጣች። የእሷ አውራጃ እንዲህ ነው፣ እኛን ለማወቅ ይህን እዩ አለች። ርዕሱ ረጅም ነው፤ ሁለት ጊዜ ነግራኝ ሁለት ጊዜ ጠፋኝ። ከታች የሚጻፍ እንግሊዝኛ የለውም። ሊተረጉም የታሰበው ስሪካንት ነበር፤ ግን ላንግሊ ፓርክ ክሊኒክ የምትሠራው ናርዶስ መኪናዋ አልነሣ ብሏት ሊያመጣት ወጥቷል። ሳሮጃ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ሞከረች፤ ጥቂት እንደቆየች ራሷ በፊልሙ ተይዛ እኛን ረሳችን።

ትርንጎ ምን አለ፣ ምን አለ ማለት ስታበዛ ጉሮሮዬን ጠረግሁና ልተርጉምላችሁ አልኩ።

«ህንድኛ ትችላለህ እንዴ?» አለች በላይነሽ።

«ይህ ህንድኛ አይደለም፣ ቴሉጉ ነው» አልኳት። በዚህ አረካኋት።

ፊልሙ የሁለት መንደር ጠብ ነው። ወንዝ ይለያቸዋል። በበዓል ቀን የማን በሬ ቀድሞ ይጠጣ በሚል ተጣልተው ትውልድ አልፏል። ነጭ ሽርጥ የታጠቁ ባለ ጺም ጎልማሶች በየወገናቸው ማጭድ ይዘው ይቆማሉ። የወዲህኛው መንደር ልጅ ለወዲያኛው ተድራለች። ይህን ለማወቅ ቋንቋ አያስፈልግም፤ ዓይኔ የለመደው ነው። ቋንቋ የሚያስፈልገው ምክሩን ለማስገባት ነበር። በእኔ ትርጉም የወዲህኛው መንደር አለቃ «እህትን ከእህት የሚለይ ወንዝ ገና አልፈለቀም» አለ። ሰውየው በእውነት የተናገረው ስለ በሬው ሳይሆን አይቀርም፤ እየጠቆመ የነበረው በሬውን ነው። አሮጊቷ ደግሞ «የሙት መንፈስ የሚያርፈው ልጆች ሲታረቁ ነው» አለች፤ አሮጊቷ እህል እየነፋች ነበር። ትርንጎ አፍንጫዋን ጠረገች። በላይነሽ አንገቷን ደፋች። እኔም ሞቀኝ፣ የድሮው ማይክሮፎን እጄ ላይ ያለ መሰለኝ።

ከዚያ ፊልሙ ከዳኝ። የተዳረችው ልጅ እናት ሞተች። ደብዳቤ ተጻፈ። ደብዳቤውን የተቀበለው የመንደሩ ሽማግሌ ጸሐፊ አነበበው፣ አለቀሰ፣ ዙሪያውን አየና የጣሪያው ሣር ውስጥ ሸጎጠው። ልጅቷ በማዶ በዓል ላይ ትዘፍናለች። ወዲያው ገበያ ላይ አንዲት ሴት እጇን ያዘቻት።

እህቶቼ ምን ሆነ አሉኝ። ጎሽ ሞታባቸው ነው አልኩ። ልጅቷ መሬት ላይ ተንከባለለች። ወተቷን የምታልባት ጎሽ ነበረች አልኩ። ሁለቱ መንደር ተሰብስቦ ሽማግሌው ዛፍ ሥር ቆሞ ደረቱን እየመታ ይናገር ጀመር። ጎሿን መልካም ሣር አላበላኋትም እያለ ነው አልኩ።

በላይነሽ ከፊልሙ ዞር ብላ እኔን አየችኝ። «ወንድም ጋሼ፣ ይህ ሁሉ አገር ለአንዲት ጎሽ ነው የሚያለቅሰው?»

«ያለቻቸው እሷ ብቻ ነበረች» አልኩ።

ስሪካንትና ናርዶስ ከኋላችን ከገቡ ቆይተዋል፤ አላየናቸውም። በላይነሽ ድንገት ስታያቸው ለናርዶስ እስኪ ሰውየው ምን እንዳለ ጠይቂልኝ አለቻት። ናርዶስ ከመጠየቋ በፊት ስሪካንት ራሱ ተናገረ፤ በአማርኛ። ለሰርጉ ሊያስደንቀን ስምንት ወር በስውር ክላስ ሲማር ከርሞ ኖሯል። ቃል በቃል፣ እንደ መጽሐፍ፣ እንዲህ አለ፦

«ጎሽ የለም። ሽማግሌው፣ ደብዳቤውን የደበቅሁት እኔ ነኝ፣ ልጅቷን ያስከፋኋት እኔ ነኝ፣ ሌላ ሰው ጥፋት የለበትም፣ አሉ።»

ለፊልሙ ሽማግሌ እንኳ «አሉ» ነው ያለው። ትርንጎ ዓይኗን ምንጣፉ ላይ ተከለች። በላይነሽ መጀመሪያ እሷን አየች፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ እንደገና እሷን። ነርስ ናት፤ ሰው የት እንደሚያመው ፊቱን አይታ ታውቃለች።

ከዚህ በኋላ የምተረጉመው አልነበረኝም። «በላይነሽ፣ የእኛም እንደዚያ ነው» አልኳት። «እስክትፈተኚ አትንገሪያት ያልኳት እኔ ነኝ። እሷ እምቢ ብላኝ ነበር። በእማማ ስም አማልኳት።»

በላይነሽ ወደ ትርንጎ ዞራ «አምስት ዓመት ሙሉ ስረግምሽ ለምን ዝም አልሽ?» አለቻት።

ትርንጎ ቀና ሳትል «እህትሽን ካጣሽ አይቀር ወንድምሽን ደግሞ እንዳታጪ ብዬ» አለች።

በላይነሽ ተነሣች፣ ትርንጎን በእጇ ይዛ ወጣች። መኪናዋ ውስጥ ገብተው በሩን ዘጉ። እኛ በመጋረጃው እናያለን፤ ድምፅ አይሰማም፣ እጆቻቸው ብቻ ይወራጫሉ። ሳሮጃ ሁሉንም ያስለቀሰው ፊልሙ መስሏት ደስ አላት፤ መሐረብ አደለችንና ሁለተኛው ክፍል ከዚህ የባሰ ያሳዝናል አለች። ከአንድ ሰዓት በኋላ መኪናው ተነሣና ሄደ። እኔን ጌይተርስበርግ ጥለውኝ፣ ሁለቱ ታርቀው ሄዱ።

ሰኞና ማክሰኞ

ትርንጎ አሌክሳንድሪያ ቀረች። እኔ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ብቻዬን ነኝ፤ ምጣድ አልነካሁም። ስልክ የሚደውልልኝ የለም። ናርዶስ ምግብ ይዛልኝ መጣች፤ አክስቷ ለሰርጉ ቀሚሷን እየመረጠች መሆኑን ነገረችኝ። ስለ እኔ ምን ትላለች ብላት ናርዶስ «ጋሼ፣ ጊዜ ስጣት» አለችኝ።

ስሪካንትም መጣ። በሩ ላይ አጎንብሶ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በክላሳችን ውሸት ላይ ገና አልደረስንም» አለ። እቅፍ አድርጌ ሳምኩት። ወንበር ላይ ተቀምጠን እውነተኛውን ፊልም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረኝ። ከእኔው ይሻላል፤ ምክሩ ግን ያንሳል።

ማክሰኞ ከሰዓት በላይነሽ ደወለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለናርዶስ። በማግሥቱ ማታ አውሮፕላኔ እንደሆነ ታውቃለች። መልእክቱ አጭር ነበር፤ ከመሄዱ በፊት መርዶዬን ያርዳኝ።

ረቡዕ

መርዶ በንጋት ነው የሚነገረው፤ ይህ አያሻማም። ትርንጎ ማታውኑ ወደ ቤቷ ተመልሳ ነበር፤ ከመርዶ ነጋሪዎቹ ወገን ሆና ልትመጣ። ጎህ ሲቀድ ጥቁር ለብሰን፣ ናርዶስ እየነዳች፣ ትልቁን ድልድይ ተሻገርን። መንገዱ ባዶ ነበር። ስንት ዓመት ክፍል ፊት የቆምኩ ሰው የምላትን እስክንደርስ በልቤ ደጋግሜ አጠናሁ።

አንኳኳን። በላይነሽ ለብሳ፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ከፈተችልን። ተቀመጡ አለች፤ እኛ አልተቀመጥንም።

«በላይነሽ፣ እናታችን አርፋለች» አልኳት።

አምስት ዓመት የምታውቀው ነገር ነው። ቢሆንም ትርንጎ ትከሻ ላይ ተደገፈች። እንዴት እንደነበር ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ጠዋት ነበር። ገንፎ አቀረብንላት፣ ጨው አነሰው ብላ ገፋችው። ከዚያ በላይነሽ የምትፈተነው መቼ ነው አለች። አርብ አልናት። «እንግዲያው አትደውሉላት፣ ታጥና» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሌላ ቃል አልተናገረችም።

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ሰበብ ይመስልብኛል ብዬ። በላይነሽ ቀና ብላ አየችኝ።

«ይህቺንም ከራስህ ፈጥረህ ነው?»

«ይህቺን አልፈጠርኩም» አልኩ። ከዚያ በላይ የምምልበት አልነበረኝም።

ትርንጎ ናት የተናገረችው። «ጨው አነሰው ካለች እሷው ናት» አለች። «ባሕር ቢያቀርቡላትም ጨው አነሰው ትል ነበር።»

በላይነሽ ሳቀች። ሳቁ ሳያልቅ ወደ ለቅሶ ዞረ፤ በሙሉ ድምፅ፣ ደረት እየመቱ የሚለቀስ ለቅሶ። ትርንጎ ተቀበለቻት። እኔም ከዚያን ማክሰኞ ጀምሮ የያዝኩትን ሁሉ ለቀቅሁት። ናርዶስ እንዲህ ዓይነት ነገር አይታ አታውቅም፤ መጀመሪያ ደነገጠች፣ በኋላ መሐላችን ገባች።

በሩ ተንኳኳ። በግድግዳው ማዶ የሚኖረው ነጭ ሽማግሌ ነው፤ የቤት ጫማ አድርጎ፣ ኮፍያ ደፍቶ። ጩኸት ሰምቶ እርዳታ ልጥራ ወይ ብሎ ነው የመጣው። ናርዶስ እናታቸው ሞተው ነው አለችው። ኮፍያውን አወለቀ። ልባዊ ኀዘኑን ገለጸና መቼ ነው ያረፉት ብሎ ጠየቀ።

ናርዶስ እኔን አየችኝ፣ እኔ ትርንጎን አየሁ።

«ካረፈች አምስት ዓመቷ ነው» አለችው በላይነሽ ራሷ፤ «ለእኔ የተነገረኝ ግን ዛሬ ነው።»

ሰውየው በሩ ላይ ቆሞ ጥቂት አሰበ። ከዚያ ገባና ከሶፋው ጫፍ፣ ከእኛ ጋር፣ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ።